አንድ እፍኝ ጌሾ

ከሽምብጥ ወደ ታች፣ ሐይቁ ሲሸት ገና፣
እንጨት ላይ ተደፍቶ ቆርቆሮ አለና፣
ሌላ ስም የለውም፤ ሰሌዳም የለውም፤
ጎንበስ ያላለ ሰው ከበሩ አያልፍም።

የጀልባ ሞተር ነው ቀኑን የፈታሁት፣
እጄን በኦሞ ነው ሦስቴ ያጠብሁት፤
ናፍጣው አልለቀቀም። እንዲያው ጎንበስ አልሁ፤
ሁለት ቀረሶ ዓሣ ለስመኝ ሰጠሁ።
በጋዜጣ ናቸው፤ የታጠፈው ገጽ ላይ
ጨረታ ወጥቷል፣ በዓሣ ደም የሚታይ።

ውጭ የሐምሌ ዝናብ፣ ጨርሶ ያላባራ፤
ውስጥ ደግሞ ትከሻ ከትከሻ ጋራ
ተጠጋግቶ ሞቆ መደቡ ሞልቷል፤
ሞልቷል፣ ግን ዛሬ ምን ሆኖ ጸጥ ብሏል?

ምንይችል አለ፣ ባጃጁን በር አቁሞ፤
ያቺ የፋብሪካው ጡረተኛ ደግሞ፣
እትዬ አድና፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ጨርቅ ላይ እንከን ለቅማ፣
ጣሳው ውስጥ ታያለች
ክር እንደጠፋባት፣ በአንድ ዐይኗ አልማ።

አወቅሁት ምክንያቱን አንዴ ስጎነጨው፤
ጌሾው በዝቶበታል፣ ወጥ ላይ እንደ ጨው።
ብቅሉ ያው የድሮ፣ ዳጉሳው የሜጫ፤
እጁ ነው የአዲስ ሰው፤ የልጅቱ ብቻ።

እናቷ ባንቻምላክ ጉልበቷ አብጦባት
ሁለት ወር ሊሞላ ነው አልጋ ከያዛት።
ከመጋረጃው ማዶ ትራስ ተደግፋ
ትሰማለች፣ አውቃለሁ፣ ሳሏን በእጇ አቅፋ።
ጆሮዋ ሚዛን ነው፤ መቅጃው ጋን ሲነካ
ስንት እንደጎደለ ታውቃለች ለካ!
ሙሉው ጋን ደፈን ይላል፣ ጎደሎው ይጮሃል፤
ዛሬ መቅጃው ወርዶ ደፍ፣ ደፍ ብቻ ይላል።

ማንም አልደገመም።
ማንም ደግሞ ደፍሮ "መረረኝ" አይልም።

ዓሣው መጣ በትሪ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣
አዋዜ በስኒ፣ ሎሚ ለሁለት ተከፍሎ፣
ጅራቱ ጥርስ ላይ ኩርሽም እንደ ቆሎ።
ትኩስ ነው፣ አቃጠለኝ፤ ጣሳዬን አነሣሁ፤
ሳላስበው ጠጣሁ።
እና የዓሣው ስብ፣ የጌሾው ምሬት
ምላሴ ላይ ታረቁ እንደ ጎረቤት።

ትሪውን ገፋሁት ወደ ጋሽ አንሙት፤
"ዓሣ ብላና ጠጣ፤ ከዚያ ፍረድበት።"
የጎርጎራ መርከብ ቲኬት ቆራጭ ነበር፤
ለንጉሥም ቢሆን አያውቅም ማሳመር።
ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ፤
ቤቱ በሙሉ ፊቱ ላይ ፍርዱን ፈለገ።

"ይመራል" አለ።
ስመኝ መቅጃውን እንደያዘች ቀረች።
"በጣም ይመራል።"
መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀች፣
ወይም ነፋስ ነበር።
"እና ምን ትጠብቂያለሽ? ድገሚኝ እንጂ!"

ከዚያ ወዲያ ትሪው መደቡን ዞረ፤
አጥንት ብቻ ሆኖ እኔው ጋ አደረ።
ምንይችል ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ
ስመኝን አስያዛት፣
ባጃጁን ለዝናብ እስከ ነገ ትቶ።
እትዬ አድና እንኳን፣ እንከኑን አግኝታ፣
ጭላጭ ሳታስቀር ጠጣችው አንስታ።
ጋኑም ቀስ እያለ ደረቱ ተከፍቶ
ዱም... ዱም... ይል ጀመረ፣ እንደ ሰው ተፍታቶ።

ያኔ ነው ከጓዳ ሳሉ የተለቀቀ፤
ስንት ሰዓት አፍና እንደያዘችው ማን አወቀ?
ከሳሉም በኋላ ድምፅ መጣ፣ ሻካራ፣
እንደ ደረቅ ደንገል ነፋስ ሲያንኳኳው በተራ፦

"አንድ እፍኝ ቀንሺለት፤ ይወጣዋል ደህና።
የኔን የመጀመሪያ ጋን ማን ጠጣው? ጣና!
ሌሊት ነው የደፋሁት፣ ጎረቤት ሳይሰማ፤
ዓሣው ሰክሮ ይሆናል፣ እኔ ግን ለከተማ
አልተናገርሁም።" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤
የስመኝም ዐይን፣ ከጭሱ ይሁን ከሌላ፣ ራሰ።

ሂሳብ ስጠይቃት የዓሣውን ቀንሳ
የአንድ ብቻ አለችኝ። ሦስት ነበር ጣሳ።
አልተከራከርሁም።
ስወጣ ቆርቆሮው ዝናቡን ያንጠባጥባል፤
ከሩቅ፣ ከወደቡ፣ የታሰረ ጀልባ ይንቋቋል።
እጄን አሸተትሁት፤ ናፍጣው አልለቀቀም፤
ጌሾውም እስከ ቤቴ አፌን አልለቀቀም።